የማይዝገው ፌሮ፦ በአርማታ ውስጥ ብረትን በፋይበር መተካት ምን ማለት ነው?

"አይዝግም። ክብደቱ የብረትን ሩብ ያህል ነው። ጥንካሬው ግን ከብረት ይበልጣል።" በአርማታ ውስጥ የብረትን ቦታ ሊወስድ ስለመጣው የፋይበር ዘንግ የሚወራው ባጭሩ ይኸው ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ችግሩ ያለው ከእነዚህ እውነቶች ተነስተን የምንደርስበት መደምደሚያ ላይ ነው። "እንግዲያው ብረቱን እናውጣና በዚያው ብዛት፣ በዚያው ውፍረት ፋይበር እንክተትበት" ያለ ሰው ከባድ ስህተት እየሠራ ነው።

ለምን ስህተት እንደሆነ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንክሪት ብቻውን ምን ይጎድለዋል?

ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል። ሲጨምቁት ይችላል። ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። መሳብን የሚቋቋምበት አቅም፣ መጨመቅን ከሚቋቋምበት አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

"ታዲያ ሕንጻን ማን ይስበዋል?" ትሉ ይሆናል። ወፍራም ስፖንጅ ውሰዱ። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምሩበት። ሁለቱን ጫፎቹን አስደግፉና መሀሉን በጣታችሁ ተጫኑት። ከላይ በኩል መስመሮቹ ይጠጋጋሉ። ከታች በኩል ይራራቃሉ። ጭነት የተሸከመ ቢምም ሆነ ሶሌታ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ላዩ ይጨመቃል፣ ሆዱ ይሳባል። ስለዚህ ብረቱ በሆዱ በኩል ይቀበራል። መጨመቁን ኮንክሪቱ፣ መሳቡን ብረቱ ይካፈሉታል።

አርማታ የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይናገራል። ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ "የታጠቀ" ማለት ነው። ኮንክሪቱ የታጠቀው ብረት ነው። ሐሳቡን ቀድመው ከሞከሩት ሰዎች አንዱ ደግሞ መሐንዲስ ሳይሆን አትክልተኛ ነበር። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሞኒዬ የሲሚንቶ የተክል ገንዳዎቹ እየተሰነጠቁ ሲያስቸግሩት በውስጣቸው የብረት መረብ ከተተባቸው። በ1867ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

የሁለቱ ጋብቻ የሰመረው በዕድልም ጭምር ነው። ሙቀት ሲጨምር ብረትና ኮንክሪት የሚለጠጡት በተቀራራቢ መጠን ነው። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር እርስ በርስ ይገፋፉ ነበር።

ብረት ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ እንዴት ይዝጋል?

ብዙ ሰው ብረቱ የማይዝገው ከአየርና ከውሃ ስለተሸሸገ ይመስለዋል። ዋናው ጠባቂው ግን ኬሚስትሪ ነው። አዲስ ኮንክሪት ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ፒኤች የሚባለው መለኪያው 13 አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ብረት በራሱ ገላ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን እስካለ ድረስ ዝገት አይደፍረውም።

ሽፋኑን የሚያጠፉት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ይገባና ፒኤቹን ወደ 9 ገደማ ያወርደዋል። ዓመታት የሚፈጅ ቀርፋፋ ጠላት ነው። ሌላው ጨው ነው። ከባሕር ውሃ ይመጣል፤ ወይም በረዶ ለማቅለጥ መንገድና ድልድይ ላይ ከሚነሰነሰው ጨው። ይህኛው ይብሳል። ፒኤቹ ምንም ሳይወርድ እንኳ ሽፋኑን እየበሳ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ ያባብሳል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ እንደ ዝገቱ ዓይነት ከ2 እስከ 6 እጥፍ ያብጣል። ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ኮንክሪት ደግሞ ከውስጥ ሲገፉት መሳቡ ነው፤ እሱን እንደማይችል አይተናል። ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ተጨማሪ ውሃና ጨው ይገባል። ዝገቱ ይፋጠናል። በመጨረሻ ብረቱን የሸፈነው ኮንክሪት እየተላጠ ይወድቅና ቡናማው ብረት ወለል ብሎ ይታያል።

አስፈሪው ግን ሳይታይ የሚቀረው ነው። በጣልያን ጄኖዋ የነበረው የሞራንዲ ድልድይ በ2018 ተደርምሶ 43 ሰዎች ሞተዋል። ድልድዩን አንጠልጥለው የያዙት የብረት ገመዶች በኮንክሪት ተሸፍነው ነበር። በኋላ ምርመራ ያደረጉት ባለሙያዎች የነዚያን ገመዶች ዝገት ከመደርመሱ ዋና ምክንያቶች መካከል አስቀምጠውታል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ገመዱ አልነበረም የሚታየው፤ ኮንክሪቱ ነው።

ለዝገት መፍትሔ ያልተሞከረ የለም። ብረቱን ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ መቀባት፣ በዚንክ መለበጥ፣ የማይዝግ ብረት መጠቀም፣ የኮንክሪቱን ሽፋን ማወፈር። የፋይበር ዘንግ ሐሳብ ከእነዚህ የሚለየው ጥያቄውን ከሥሩ ስለሚቀይረው ነው። ብረት ከሌለ የሚዝግ ነገር የለም።

የፋይበር ዘንግ ከምን ይሠራል?

ሙሉ ስሙ "በፋይበር የተጠናከረ ፖሊመር" ነው። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤፍአርፒ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ሁለት ነው፤ ክርና ሙጫ። የፋይበር ግላስ ታንከር ወይም ጀልባ አይታችሁ ከሆነ ዘመዱን አይታችኋል።

ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ሸክሙን የሚሸከመው እሱ ነው። ሙጫው፣ ማለትም ሬዚኑ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ክሮች አንድ ላይ ይይዛል። ሸክሙን ያካፍላቸዋል። ከኬሚካልም ይከልላቸዋል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ልብ በሉ ግን፤ ድሩ እንዲያብር የሚያደርገው ሙጫው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ እሳት ስናወራ እንመለስባታለን።

አሠራሩም ደስ ይላል። ክሮቹ ከድውራቸው እየተፈቱ በሙጫ ገንዳ ውስጥ ያልፋሉ። ከዚያ በጋለ የብረት ቅርጽ ውስጥ እየተጎተቱ ይወጣሉ። ሙጫው እዚያው በሙቀቱ ይደርቅና ክሩ ጠንካራ ዘንግ ሆኖ በሌላው ጫፍ ብቅ ይላል። ዘንጉ ለስላሳ ከሆነ ኮንክሪቱ አይዘውም። ስለዚህ ላዩ ላይ አሸዋ ይለጠፍበታል፣ ወይም ክር ይጠመጠምበታል፣ ወይም ጥርስ ይወጣለታል።

ክሩ አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚሠራበት የመስታወት ፋይበር ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ስለሚቀል። ካርቦን ፋይበር በጣም ጠንካራና ግትር ነው፤ ግን ውድ ነው። አራሚድ ጥይት የማይበሳው ልብስ የሚሠራበት ክር ነው። ባዛልት ደግሞ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀልጦ የሚገኝ ክር ነው፤ ጠባዩ ለመስታወቱ ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ለይቼ ካልተናገርኩ የማወራው ስለ መስታወት ፋይበር ዘንግ ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር ላጥራ። ኮንክሪት ሲቦካ አብረው የሚቀላቀሉ አጫጭር ፋይበሮች አሉ። እነሱ ሌላ ናቸው። ዋና ሥራቸው ጥቃቅን ስንጥቆችን መቀነስ ነው። እዚህ የምናወራው በፌሮ ቦታ ስለሚዘረጋ ረጅም ዘንግ ነው።

"ከብረት ይጠነክራል" ሲባል ምን ማለት ነው?

የጽሑፌ ልብ እዚህ ላይ ነው።

ጥንካሬ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን። አንዱ "ስንት ስትስበው ይበጠሳል?" የሚለው ነው። ሌላው "ስትስበው ምን ያህል ይለጠጣል?" የሚለው ነው። ሁለተኛውን ግትርነት እንበለው። የናይለን ገመድ አስቡ። በጣም ብዙ ሸክም ሳይበጠስ ሊይዝ ይችላል። ግን ይለጠጣል። ሸክሙን ይዞላችሁም መሬት ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል።

በመጀመሪያው መለኪያ ፋይበር ያሸንፋል። ለግንባታ የተለመደ ፌሮ መሸነፍ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ሜጋፓስካል ባለው ውጥረት ላይ ነው (ሜጋፓስካል በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ጉልበት መለኪያ ነው)። የመስታወት ፋይበር ዘንግ ከመበጠሱ በፊት በቀላሉ ከ700 እስከ 1000 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ማስታወቂያው ያልዋሸው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው መለኪያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የብረት ግትርነት 200 ጊጋፓስካል ነው (አንድ ጊጋፓስካል 1000 ሜጋፓስካል ነው)። የመስታወት ፋይበር ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ጊጋፓስካል ነው። የብረትን ሩብ ያህል ማለት ነው።

ቁጥሩን ወደ ሚሊሜትር እናምጣው። 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፌሮ ላይ 4 ቶን ብናንጠለጥል 1 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ያው ውፍረት ያለው የመስታወት ፋይበር ዘንግ ግን 4 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለቱም አልተበጠሱም። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አራት እጥፍ ነው።

"ሦስት ሚሊሜትር ምን ያመጣል?" እንዳትሉ። ዘንጉ ያለው ኮንክሪት ውስጥ ነው። ኮንክሪቱ ያን ያህል መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ይሰፋል። ሶሌታው መሀሉ ላይ ይረግባል። በር አልዘጋም ይላል፣ ንጣፍ ይነሳል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰው ሲራመድበት ይርገበገባል። ሕንጻው አልወደቀም፤ ግን ማንም ደስ ብሎት አይኖርበትም። መጠኑ ሳይቀየር ብረቱ በፋይበር ቢተካ፣ ከተሰነጠቀ በኋላ ያለው መርገብ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል።

በዚህ ምክንያት በፋይበር የሚነደፍ ቢም ወይም ሶሌታ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በመበጠስ ስሌት አይደለም። የሚወሰነው በመርገብና በስንጥቅ ስፋት ነው። ዲዛይነሩ ዘንጎቹን ያበዛል፣ ወይም ያቀራርባል፣ ወይም ቢሙን ያወፍረዋል። ያ ትርፍ የመበጠስ ጥንካሬ አብዛኛው ሳይነካ ይቀራል። "በሁለት እጥፍ ስለሚጠነክር ግማሽ ይበቃል" የሚለው የአንዳንድ ሻጮች ስሌት ፈጽሞ የማይሠራው ለዚህ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከብረቱ የሚበልጥ ነው።

ብረት ያስጠነቅቃል፤ ፋይበርስ?

የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አጥፉ። ታጥፎ ይቀራል፤ አይሰበርም። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲሳብ መጀመሪያ እጅ ይሰጣል፤ እየረዘመ፣ እየረዘመ ይሄድና በመጨረሻ ይበጠሳል። ይህ ጠባይ ለሰው ሕይወት ትልቅ ነገር ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ ቢም ክፉኛ ይረግባል፣ ስንጥቆቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ ያሰማል። ሰዎች ለመሸሽ ጊዜ ያገኛሉ።

ፋይበር ይህ ጠባይ የለውም። የመጨረሻዋ ነጥብ እስኪደርስ በሸክሙ ልክ ይለጠጣል። ሸክሙን ብታነሱለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ነጥቧን ሲያልፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል። በመካከል እጅ መስጠት የሚባል ነገር የለም።

መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መልስ የቆየውን ሕግ መገልበጥ ነው። በብረት ሲነድፉ ኮንክሪቱ ከመድቀቁ በፊት ብረቱ እጅ እንዲሰጥ ያደርጋሉ። በፋይበር ሲነድፉ ግን ብዙዎቹ ዘንጉ ከመበጠሱ በፊት የላይኛው ኮንክሪት እንዲደቅ ይመርጣሉ። የኮንክሪት መድቀቅ ጥሩ ነገር ሆኖ አይደለም። ከዘንግ ድንገተኛ መበጠስ ትንሽ ስለሚሻል ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ጥንቃቄ ይጨመራል። በአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት አሠራር፣ በደንቡ በብረት የተነደፈ ቢም ከተሰላው የመታጠፍ አቅሙ 90 በመቶውን እንዲቆጥር ይፈቀድለታል። በፋይበር የተነደፈው ግን የሚፈቀድለት ከ55 እስከ 65 በመቶ ብቻ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በፋይበር የተሠራ ቢም ብዙ ስለሚረግብና ሰፋፊ ስንጥቅ ስለሚያወጣ እሱም በራሱ መንገድ ምልክት ይሰጣል። ግን የብረት እጅ መስጠት ሌላም ሥራ አለው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የነውጡን ጉልበት የሚውጠው ያ ወዲያ ወዲህ መታጠፍ ነው። ፋይበር ጉልበቱን ይይዝና መልሶ ይለቀዋል እንጂ አይውጠውም። ስለዚህ በ2022 የወጣው የዚሁ ኢንስቲትዩት የመስታወት ፋይበር ደንብ፣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት ላለባቸው ቦታዎች ዘንጉን ነውጡን በሚቋቋሙት የሕንጻው ክፍሎች ውስጥ መጠቀምን አይፈቅድም።

ሸክም ለብዙ ዓመት ሲቆይበትስ?

ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ጠባይ ነው። የመስታወት ፋይበር ዛሬ ያለችግር የያዘውን ሸክም፣ ለዓመታት ያለማቋረጥ ከተሸከመው ሊበጠስ ይችላል። ሸክሙ በከበደ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። የሚያልፍ መኪና ብዙም አያስጨንቀውም፤ መጥቶ ይሄዳል። የሚያስጨንቀው ቀንም ሌትም የማይነሳው ሸክም ነው፤ የሕንጻው የራሱ ክብደት፣ የውሃ ጋን፣ የተከመረ ዕቃ።

ስለዚህ ደንቦቹ ለዘላቂ ሸክም ጥብቅ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። በ2006 የወጣው የአሜሪካው መመሪያ ለመስታወት ፋይበር የፈቀደው ከጥንካሬው 20 በመቶውን ብቻ ነበር። ምርቶቹ ሲሻሻሉና የሙከራ ውጤቶች ሲጠራቀሙ የ2022ቱ ደንብ ወደ 30 በመቶ ከፍ አደረገው። ለካርቦን ፋይበር የ2006ቱ መመሪያ የሰጠው 55 በመቶ ነው። ካርቦን በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ነው።

ሠራተኛው ምን ይለወጥበታል?

መሸከሙ ይቀለዋል። 12 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፌሮ 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያው መጠን ያለው የመስታወት ፋይበር ዘንግ 5 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሰው ሦስት አራቱን በትከሻው ይዞ ይሄዳል። ቅለቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ዘንጉ ከእርጥቡ ኮንክሪት ስለሚቀል፣ ሙሌት ሲፈስ ወደ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። አጥብቆ ማሰር የግድ ነው።

ትልቁ ለውጥ መታጠፉ ላይ ነው። ፌራዮ ፌሮን እዚያው ቦታው ላይ እያጠፈ መንጠቆም ስታፋም (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት) ያወጣለታል። የደረቀ የፋይበር ዘንግ ግን አይታጠፍም። ሲጠማዘዝ ይሰበራል፣ ወይም ተለጥጦ ይመለሳል። ስታፋው ፋብሪካ ውስጥ፣ ሙጫው ሳይደርቅ መታጠፍ አለበት። በትክክል ታጥፎም ቢሆን በክርኑ ላይ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል፤ ሲሶውን ወይም ግማሹን ሊያጣ ይችላል። ክሮቹ በቀጥታ ሲሳቡ እንጂ በጎን ሲጫኗቸው አይወዱማ። ስለዚህ ሁሉም መታጠፊያ ቀድሞ ተለክቶ መታዘዝ አለበት። "ስንደርስ እናስተካክለዋለን" አይሠራም።

ብየዳም የለም። የሚቆረጠው በመጋዝ ወይም በግራይንደር ነው፤ አቧራው ስለሚያሳክክና ሳንባ ስለሚጎዳ ጓንትና ጭምብል ያስፈልጋል። ረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ሙጫው ስለሚጎዳ መሸፈን አለበት። ላዩ ከተፋቀም ክሩ ይጋለጣል፤ ስለዚህ መሬት ለመሬት አይጎተትም።

እሳት ቢነሳስ?

አሁን ወደ ሙጫው እንመለስ። የመስታወት ክሩ ራሱ ከፍተኛ ሙቀት ይችላል። ሙጫው ግን በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ እንደ ዓይነቱ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል። ሙጫው ሲለሰልስ ዘንጉና ኮንክሪቱ መያያዛቸውን ያጣሉ። ድሩ ማበሩን ይተዋል። የሕንጻ ቃጠሎ በቀላሉ ከ800 ዲግሪ ያልፋል። ብረትም በሙቀት ይዳከማል፤ ግን ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ የሚያጣው ከ550 እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው።

ይህን ለማካካስ የኮንክሪቱን ሽፋን ማወፈር፣ የዘንጎቹን ጫፎች እሳት በማይደርስበት ክፍል ውስጥ በደንብ መቅበር የመሳሰሉ መንገዶች አሉ። ያም ሆኖ በእኔ እምነት የፋይበር ዘንግ ወደ መኖሪያና ቢሮ ሕንጻዎች ቀስ ብሎ የገባበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ትክክለኛ ጥንቃቄም ነው።

ታዲያ የት ነው የሚያዋጣው?

ዝገት ዋና ጠላት በሆነበት፣ እሳት ደግሞ ዋና ስጋት ባልሆነበት ቦታ። ጨው የሚነሰነስባቸው የድልድይ ወለሎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የባሕር ዳርቻ ግድግዳዎች፣ ወደቦች፣ የጨዋማ ውሃ ቦዮች ይከተላሉ።

ጉዞው ከተጀመረ ቆይቷል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ የኡለንበርግ መንገድ ድልድይ በ1986 በመስታወት ፋይበር ገመዶች ተወጥሮ ተሠራ። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የማኪንሊቪል ድልድይ በ1996፣ በካናዳ ሸርብሩክ የጆፍር ድልድይ በ1997 ፋይበርን በወለላቸው ውስጥ ይዘው ተከፈቱ። በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን ደግሞ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ በመስታወት ፋይበር ዘንግ ተሠርቷል።

ሌላው ጥቅሙ መግነጢስ የማይስበውና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆኑ ነው። የኤምአርአይ ማሽን የሚቀመጥበት ክፍል ወለል ውስጥ ብረት በብዛት ሲኖር የማሽኑን ሥራ ሊረብሽ ይችላል። የመስታወት ፋይበር እዚያ ያለምንም ጭንቀት ይገባል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን የዋሻ ቁፋሮው ነው። ለምድር ውስጥ ባቡር የሚቆፍረው ግዙፍ ማሽን ቁፋሮውን ከሚጀምርበት ጉድጓድ ግድግዳ ጥሶ መውጣት አለበት። ግድግዳው በፌሮ ከተሠራ የማሽኑ ጥርስ ይሰበራል፤ ሰዎች ቀድመው ገብተው ብረቱን መቁረጥ አለባቸው፤ ያ ደግሞ አደገኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚያልፍበት ክብ ቦታ ላይ ብቻ የመስታወት ፋይበር ይደረጋል። አፈሩን ይዞ ይቆያል፤ ማሽኑ ሲመጣ ደግሞ ከኮንክሪቱ ጋር ተፈጭቶ ያልፋል። በጎን ሲመቱት የሚደክም መሆኑ፣ ስታፋው ላይ ጉድለት የነበረው ጠባይ፣ እዚህ ጥቅም ሆነ።

ነባር ሕንጻን ለማጠናከርም ፋይበር ይሠራል። ይህ ግን ከውስጥ ዘንግ የተለየ ሥራ ነው። የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ወይም ስስ ጠፍጣፋ በኢፖክሲ ከውጭ ይለጠፋል፤ ኮለን ይጠቀለላል። በስዊዘርላንድ ሉሰርን አጠገብ ያለው የኢባክ ድልድይ በ1991 በዚህ ዘዴ ታክሟል።

አይዝግም ማለት አያረጅም ማለት ነው?

አይደለም። መስታወት የራሱ ጠላት አለው፤ አልካሊ። ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ያው የኮንክሪት አልካሊ ለተራ የመስታወት ክር መርዝ ነው። ክሩን የሚያድነው ሙጫው ነው። ርካሽ ሙጫ ውሃና አልካሊ ያሳልፋል። ለኮንክሪት የሚሆኑ ጥሩ ዘንጎች ቪኒል ኤስተር በሚባል የተሻለ ሙጫ፣ ኬሚካል በሚቋቋም የመስታወት ዓይነት የሚሠሩት ለዚህ ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ዘንጎች በሞቀ የአልካሊ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፉ ጥንካሬያቸው ሲቀንስ ይታያል። ሐሳቡ ብዙ ዓመታትን በጥቂት ወራት ማጠፍ ነው። እውነተኛው ኮንክሪት ግን እንደ ውሃ ገንዳው የከፋ አይደለም። የካናዳ ተመራማሪዎች ከ5 እስከ 8 ዓመት ካገለገሉ ድልድዮችና አንድ የወደብ መድረክ ላይ ናሙና ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ክሩም ሙጫውም ጉዳት አልታየባቸውም። ጥሩ ዜና ነው። ብረት ግን ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነው፤ ፋይበር ገና ያን ያህል አልኖረም። ሲያረጅም ሌላ ጥያቄ አለ። ብረት ቀልጦ እንደገና ብረት ይሆናል። የዚህ ዘንግ ሙጫ ግን አንዴ ከደረቀ አይቀልጥም።

የሕንጻው ሥዕል (ፕላኑ) በፌሮ ተሠርቷል፤ በፋይበር ልቀይረው?

ዝም ብሎ መቀየር አይቻልም። እስካሁን ያየነው ሁሉ እዚህ ይሰበሰባል። ግትርነቱ ሩብ ስለሆነ ሶሌታው ይረግባል። ዘላቂው ሸክም ከተፈቀደው በላይ ሊሆን ይችላል። ስታፋው እንደገና መታዘዝ አለበት። በኮለን ውስጥ ዘንጉ መጨመቅን የሚሸከምበት አቅም ብዙ ጊዜ በስሌት አይቆጠርም። ስለዚህ መሐንዲሱ ሥዕሉን ከመጀመሪያው መሥራት አለበት።

ሻጩ ፊት ስትቆሙ ደግሞ "ጥንካሬው ስንት ነው?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ግትርነቱ ስንት ጊጋፓስካል እንደሆነ፣ ሙጫው ምን እንደሆነ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚለሰልስ፣ የታጠፈው ዘንግ በክርኑ ላይ ስንት እንደሚችል ጠይቁ። መልሱ በወረቀት፣ ከፈተሸው ላቦራቶሪ ማኅተም ጋር መሆን አለበት። ብዙ ድልድዮች ደግሞ ሁለቱንም ይጠቀማሉ፤ ጨው የሚያገኘው ወለል በፋይበር፣ ምሰሶውና መሠረቱ በብረት።